ለበቅሎ ያበላሁት ሳር

ይህን የጻፍኩት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጉለሌ በአንዲት ጠባብ ሳሎን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አብረን ለምንዘምረው ለእናንተ ነው። አብዛኞቻችሁ ወደ ጋሞ ጎፋ የመሄጃ ምክንያትም የይለፍ ወረቀትም አታገኙም። ስለዚህ መንገዱን፣ ማደሪያውን፣ የበላሁትንና የሠራሁትን ስሕተት ሁሉ በየቀኑ አስቀምጬላችኋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ። የበቅሎዋን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ እሷን የሚያስራት የለም።

ነገሩ የተጀመረው ከጫኖ በመጣ ደብዳቤ ነው። የጫኖ ወንድሞች፣ ቤተ ጸሎታቸው ከታሸገ ወዲህ በየማሳው የሚሰበሰቡ ገበሬዎች፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥተህ ስለ ፍቅር ትእዛዝ አስተምረን አሉኝ። ጌታ በመጨረሻው እራት ለደቀ መዛሙርቱ እርስ በርስ መዋደድን ለምን እንዳዘዘ፣ ፍቅርስ እንዴት እንደሚታዘዝ እንዳስረዳቸው ነው። እኔ ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝና ጉዳዩን በሦስት መስመር ጨረስኩት። ስሜት አይታዘዝም። ፍቅር ግን ታዟል። ስለዚህ ፍቅር ስሜት አይደለም። ደብተሬ ላይ በትልልቁ ጽፌ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። እንዲያው ሳልዋሽ ለመናገር በጣም ኮርቼበት ነበር።

ከመነሣቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። አምስት ዓመት ሙሉ ያላነጋገርኩት ሰው ነበረኝ። አስፋው ይባላል። ደብረ ብርሃን አንድ ሰፈር አደግን፣ አንድ ወንበር ላይ ተማርን፣ ከእናቴ ገበታ አብረን በላን። ወንጌሉንም የሰማነው በአንድ ዓመት ነው። በኋላ በእምነቱ ሲታሰርና ሲገረፍ የእኔን ስም ሰጠ። እሱ በሁለት ሳምንት ወጣ፤ እኔ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። በስድስተኛው ወር እናቴ ሞተች። እሷን ተሸክሞ የቀበራት፣ በእኔ ቦታ ቆሞ አፈር የመለሰባት አስፋው ነው። እስሩን ልረሳው እችል ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ስፈታ እህቴን ጥሩነሽን፣ «የዚያን ሰው ስም ፊቴ እንዳታነሺ» አልኳት። እሷም አላነሣችም። አስፋው ወደ ደቡብ ተዛውሮ እንደሚያስተምር ሰምቼ ነበር፤ አገሩ ሰፊ ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። ከጎኔ ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዘች አርባ ምንጭ የምትሄድ ሴት ተቀመጠች። አንደኛው ዶሮ ሻሸመኔ እስክንደርስ ጉልበቴን ሲነቁረኝ፣ «አይዞህ፣ አይነክስም» ትለኛለች። መንገዱ ከሻሸመኔ ወዲያ እየጠበበ ይሄዳል። አፈሩም ይቀላል፤ እኛ ጥቁር ጭቃ የለመድን ሰዎች ልብሳችን በርበሬ የተነፋበት መሰለ።

ሶዶ አደርን። አልጋ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ባለቤቷ የራሷን ክፍል ለቀቀችልኝና እሷ ከልጆቿ ጋር ተኛች። ጉለሌ ጎረቤቴ የሆነ ሰው እንኳ እንዲህ እንደማያደርግልኝ አውቃለሁ። ጠዋት ላመሰግናት ስፈልጋት ገበያ ሄዳ አጣኋት።

ረቡዕ

ከሶዶ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ዘቡ ቀጭን፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ሻንጣዬን በረበረና ያቺን ደብተር አወጣ። ሦስቱን መስመር ጣቱን እያስከተለ አነበባቸው።

«ታዟል ይላል» አለ። «ማነው ያዘዘው?»

«ጌታዬ ነው።»

«ጌታ የሚባል የለም እኮ፣ ጓድ። እሱ ቀርቷል።»

አውቶቡሱ ጸጥ አለ፤ ዶሮዎቹ እንኳ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ስፈራ አፌ ይፈታል። «የሒሳብ መምህር ነኝ» አልኩት። «ማረጋገጫ የመሥራት ልምምድ ነው። ከሁለቱ መስመሮች ሦስተኛው ይከተላል።» እንደ ገና አነበበው። መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይጣራል» አለና ደብተሩን ኪሱ ከተተው። «ስትመለስ ጠይቀኝ።»

በድንጋጤው ድካም ተኛሁ። ስነቃ አውቶቡሱ አርባ ምንጭ ቆሟል፤ የምወርድበት ጫኖ ግን ከኋላ ቀርቷል። የዶሮዎቹን ባለቤት፣ «ምነው አልቀሰቀስሽኝም?» ብላት፣ «የተኛ ሰው እንዴት ይቀሰቀሳል?» ብላ እኔኑ ታዘበችኝ። መሽቶ ስለነበር ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ሰፈር አልጋ ያዝኩ። እዚህ ሰኔ ማለት የእኛ ሰኔ አይደለም። እናንተ በዚያ ሰዓት ጋቢ ለብሳችሁ ዶፍ ስታዳምጡ እኔ በከነቴራ ብቻ ሆኜ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ለእራት ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ ቀረበልኝ፤ ከነራሱ፣ ከነጅራቱ። የደብረ ብርሃን ሰው አሳ የሚያውቀው በጾም ወሬ ነው። አጥንቱን ስፈራ አይታ የምግብ ቤቱ ባለቤት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሥጋውን እየለየች በፊቴ ትከምርልኝ ጀመር። «አባቴም እንዲህ ነበር፤ ለአገሩ እንግዳ» አለች። በሃምሳ ዓመቴ እንደ ሕፃን በልቼ ተነሣሁ።

ሐሙስ

ሙዝ ሊጭን ወደ ጫኖ በሚመለስ ፒካፕ ላይ ተሳፈርኩ። ደብዳቤውን የጻፈልኝ አቶ ዳንታ መንገድ ዳር ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ኖሯል። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ረጅም ገበሬ ነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱንና ወንዱን ያቀላቅላል። እኔ ጋሞኛ አንድ ቃል ስለማላውቅ የምስቅበት አፍ የለኝም።

«መምህር፣ እንኳን በደኅና መጡ። ሚስቴ አስቴር ምግብ ሠርቷል፤ ይብሉ።»

የሠራችው ፎሰሴ ነበር፤ የበቆሎ ዱቄት ከሀለኮ ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ የተቀቀለ። ሀለኮ ማለት ያ እናንተ ሽፈራው የምትሉት ዛፍ ነው፤ እዚህ በየደጁ አለ፤ ጎመናቸው እሱ ነው። ከጎኑ ዳጣ የሚሉት የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ ቀረበ። አንድ ጊዜ በጣቴ ቀምሼው ዓይኔ እንባ ሲያፈስ አስቴር ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችና እርጎ አመጣችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ዳንታ ማሳውን አሳየኝ። ሙዙ የሚጠጣው በቦይ ነው፤ ውሃውም በተራ ነው። የእሱ ተራ ሲያበቃ በዶማው ቦዩን ዘጋና ወደ ጎረቤቱ መለሰው። ያ ጎረቤት ቆሞ ሳለ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። «ተጣልታችኋል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የእኔን ጥጃ በድንጋይ መትቷል። ሽማግሌ ይዘናል፤ ገና አላለቀም።»

«ውሃውን ግን ሰጠኸው።»

«ተራው ነው» አለኝ፤ ጥያቄዬ ገርሞት።

ይህን ነገር እንደ ቀላል አለፍኩት። ሐሳቤ ሁሉ የተወረሰው ደብተሬ ላይ ነበር፤ ሦስቱን መስመር በቃሌ እያጠናሁ ነበር።

ዓርብ

ጉባኤው ለእሑድ ታስቦ ነበር። ዓርብ ጠዋት ቁርስ እንደጨረስን ዳንታ እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«መምህር፣ እኛ የጠራንዎት ሊያስተምሩን ነው። ግን አንድ ነገር አለ። መምህር አስፋውን እናውቃለን።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ገረሴ ነው የሚያስተምረው፤ እላይ፣ ደጋው ላይ። በየወሩ ወደ እኛ ይወርዳል። ያደረገውን ራሱ ነው የነገረን፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ። የእርስዎን ስምም እሱ ነው የነገረን። ከእኔ በላይ የሚያስተምር ሰው አለ፣ እሱን ጥሩ አለን።»

«ታዲያ ወጥመድ ነዋ!»

«ወጥመድ አይደለም። በእኛ አገር የተጣላ ሰው በጉባኤ መሃል አይቆምም። ቢቆም ጎሜ ነው።» ጎሜ ማለት ነውርም እርግማንም የሆነ ነገር ነው፤ አገር ላይ የሚተርፍ። «ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው። በኋላ ወንጌሉ ሲመጣ መባህን መሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ሲል ሰማን። እኛም፣ ይህንንማ እናውቀዋለን አልን።»

ጥቅሱን ለእኔ! በግእዝም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በቃሌ የማውቀውን! ደሜ ፈላ። ያላልኩት ነገር የለም። በዳዩ እሱ ነው፣ ይቅርታ ጠያቂውም እሱ መሆን አለበት፣ እኔ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት እንደ ተከሳሽ ልቆም አይደለም አልኩ። ሻንጣዬን አነሣሁና አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰዓት ስንት ነው አልኩ። ዳንታ ነገረኝ። ሊያስቆመኝ አልሞከረም። አስቴር ብቻ ከበሩ ላይ፣ «ምሳ ደርሷል፣ በልተው ይሂዱ» አለች።

ምሳውን እየበላሁ ሳለ የራሴ ሦስት መስመር መጣብኝ። ስሜት አይታዘዝም፣ ፍቅር ታዟል። ትእዛዙ ለተማሪ ብቻ ነው ብዬ የጻፍኩት አራተኛ መስመር አልነበረኝም። እንዲህ ሆኖ ብመለስ ለእናንተ ረቡዕ ላይ ምን ብዬ አስተምራለሁ? አፌን ጭራሽ መዝጋት ሊኖርብኝ ነው። ያም ሆኖ ልቤ አልራራም፤ ይህን ደብቄ አልጽፍም። «ገረሴ እሄዳለሁ» አልኩ፤ «ሄጄ ግን ያደረገኝን ፊት ለፊት ነው የምነግረው።»

«ይንገሩት» አለ ዳንታ። ወዲያው ወጥቶ ወደ ደጋ ለሚመለሱ ገበያተኞች ለገረሴ ሽማግሌዎች የሚያደርሱት መልእክት ሰጠ።

ቅዳሜ

ከአርባ ምንጭ ጨው የጫነ ፒካፕ አገኘን። መኪናው ዳገቱን እየተነፈሰ ወጣ፤ ሙዙ ቀረ፣ ሙቀቱ ቀረ፣ እንሰትና ቀርከሃ መጣ፣ ከዚያ ገብስ። ገብሱን ሳይ ሳላስበው ደስ አለኝ። ብርዱም ጭጋጉም የደብረ ብርሃን ነው። ሰው ግን እንደ እኛ አገር ተራርቆ አይሰፍርም፤ ጎጆው ከጎጆ፣ እርከኑ ከእርከን ተያይዞ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይታረሳል።

ገረሴ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረን ፒካፑ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ስንገፋ ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ በዶማ ቆፍረው አወጡልኝ። ዳንታ ከአንድ ዘመዱ ቤት ዳማ የምትባል በቅሎ ተውሶ አስቀመጠኝና እሱ ጨውተኞቹን ሊረዳ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ። «ቀስ ብለው ይቅደሙ፤ መንገዱ አንድ ነው፣ እደርስብዎታለሁ» አለኝ።

እንዲህ ብቻዬን ከተማው አፋፍ ላይ ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች መንገዱ ላይ ቆመው አገኘሁ። መካከለኛው፣ ጢማቸው የነጣ አዛውንት፣ ወደ ፊት ወጡና ጎንበስ አሉ። በሁለት እጃቸው ጤዛ ያለበት ለምለም ሳር ይዘዋል። ምንም አልተናገሩም፤ ሳሩን ብቻ ዘረጉልኝ።

ፍረዱኝ። በእኛ አገር መንገደኛ በበቅሎ ሲመጣ ደግ ባለቤት መጀመሪያ የሚያቀርበው ለከብቱ ሳር ነው። እማዬ ሁልጊዜ፣ «እንግዳ መከበሩ የሚታወቀው በቅሎው ስትጠግብ ነው» ትል ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ አገር ነው አልኩ በልቤ። ከበቅሎዋ ወርጄ፣ «እግዜር ይስጥልን አባቴ» ብዬ ሳሩን ተቀበልኩና ለዳማ አቀረብኩላት። ዳማም አላቅማማችም።

ሽማግሌዎቹ ደርቀው ቀሩ። አንደኛው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከበላያቸው፣ ከአንድ ጥድ ሥር፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ሰውየው ፊቱን አዞረና ቀስ ብሎ ወደ ከተማው ሄደ። አካሄዱን ከኋላው አወቅኩት፤ ቀኝ ትከሻው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። አስፋው ነው።

ዳንታ እየሮጠ ደረሰ። በቅሎዋ አፍ ላይ የቀረውን ሳር ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«መምህር! ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ይህ የምግብ ሳር አይደለም። የዕርቅ ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ሲቆም፣ ለሰላም ስል እለምንሃለሁ ማለት ነው። ጦር የመዘዘ ሰው እንኳ ይቆማል። እርስዎ ደግሞ... በቅሎዋ በላ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አዛውንቱ ግን በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፈገግ አሉ። ዳንታ ተረጎመልኝ። «ሳር እንደ ሆነ ሞልቷል ይላሉ። ትናንትም ዘንቧል። ግን መምህር አስፋው እምቢ እንዳሉት አይቷል። አሁን እኛ ደግመን ብንለምን አያምነንም። ሳሩን መያዝ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? የተበደልኩት እኔ! እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት እኔ!»

«አዎ» አለ ዳንታ። ድምፁን አላነሣም። «ደስ ቢልዎትማ ማን ያዝዎት ነበር? የፈለገ ሰው ይታዘዛል እንዴ?»

የራሴን ማረጋገጫ ጫማ አድርጎ የማያውቀው ገበሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰልኝ። አዛውንቱ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው ሳር መንጨት ጀመሩ። እንደ ገና ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው እንዳመማቸው ታየኝ። አፈርኩ። «ይተዉት አባቴ» አልኩና ራሴ ነጨሁ። እጄ ነጨ፣ እግሬ ሄደ፤ ልቤ ግን ገና ጫኖ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር።

የአስፋው ቤት አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ዝቅ ያለች የቀርከሃ በር። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ ቆሙ። ዝናቡ ጀመረ። ሳሩን በሁለት እጄ ይዤ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ እኔው ሰማሁት። «አስፋው» ብዬ ጠራሁ። ስሙን ካልጠራሁት አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሸምግሏል። እኔን አየ፣ ሳሩን አየ፣ ከዚያ እሱም ዘጭ ብሎ ፊቴ ተንበረከከ። ሁለት ሽበታም መምህራን ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን ማን ቀድሞ እንደሚናገር ጠፋን። «ተነሥ እንጂ፣ ልብስህ ተበላሸ» አለኝ በመጨረሻ። ይህ ሰው ድሮም በማይሆን ሰዓት ስለ ልብስ ነው የሚያስበው። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ደግሞ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ውስጥ ገብተን እሳቱ ዳር ስንቀመጥ፣ ልነግረው የያዝኩትን ሁሉ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። መጨረሻ ላይ፣ «እናቴን ለምን ቀበርካት?» አልኩት።

«ጥሩነሽ አልነገረችህም?»

«ስምህ እንዳይነሣ አዝዤ ነበር።»

እሳቱን ቆሰቆሰ። «እንደተፈታሁ ቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ» አለኝ። «ልጅሽን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ አልኳት። እንዲሁ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ፣ እንጨቱ ጓሮ ነው፣ መጥረቢያው ከበሩ ኋላ ነው አለችኝ። ሄጄ ፈለጥኩ። ሲመሽ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ና፣ እስካሁን እሱ ነበር የሚፈልጥልኝ አለች። አምስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየሄድኩ ፈለጥኩላት። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ታዲያ ትቻት ልመለስ?»

«ይቅር አለችህ?»

«እንጃ። አንድ ቀን እንኳ ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። ምሳ ግን ከልክላኝ አታውቅም።»

እናቴ የተዋሕዶ ልጅ ነበረች፤ የእኔን ጴንጤ መሆን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም። ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ በሦስት መስመር የጻፍኩትን ግን እሷ በመጥረቢያ ሠርታዋለች። አዛውንቱ ለሁለታችን አንድ ገበታ ቆጮ በወተት አስቀረቡ፤ ተያይተን በላን።

እሑድ እና ሰኞ

ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። እሑድ ጠዋት ስነቃ ያ የድሮው ቂም እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ተነሥቶ ነበር። አስፋው ግን ለእግሬ ውሃ አሙቆ፣ ጫማዬን ከጭቃው አጽድቶ አስቀምጧል። ደግሞም ያንጎራጉራል፤ ድሮም ጠዋት ጠዋት ሲያንጎራጉር እበሳጭ ነበር። እግሬን ታጠብኩና፣ «ቅኝቱን ሳትክ» አልኩት። «አምስት ዓመት የሚያርመኝ አጣሁ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ድንች እየጠበስን ስለ ድሮ መምህሮቻችን ስናወራ ዋልን።

ሰኞ አብረን ወረድን። ዳማን ለባለቤቷ ስንመልስ የሠራሁት ሥራ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ መንደሩ ሁሉ ሊያየኝ ወጣ። አንዲት አሮጊት እፍኝ ሳር አምጥታ ለበቅሎዋ ሰጠችና ወደ እኔ እያየች ሳቀች። ይገባኛል።

ማክሰኞ

ጉባኤውን ለዚህ ቀን አሸጋግረውት ነበር። ዶማቸውን ይዘው፣ አረም የሚነቅሉ መስለው፣ በሙዙ ማሳ ውስጥ ተቀመጡ። ደብተር የለኝም። ሦስቱን መስመር ነገርኳቸው፣ ከዚያ ስለ እናቴ እንጨት ነገርኳቸው፣ በዚያው ጨረስኩ። አስፋው ከፊት ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አስቴር እጇን አነሣች። «መምህር፣ ልብ ሳይኖር ከታዘዙ ግብዝነት አይሆንም?»

ጥያቄ የሚያነሣ አይገኝም ብዬ ነበር! ልመልስ ስል ያ ጥጃ የመታው ጎረቤት ከወዲያኛው ቦይ ዳር ቆሞ ሲያዳምጠን አየሁ። «ዳንታ ሐሙስ ዕለት ውሃውን ሲለቅ ልቡን አልጠየቀም» አልኳት። «ቦዩ ግን ተከፈተ። እኔም ቅዳሜ ዕለት እንደዚያ ነው የሄድኩት። ልቤ ዘግይታ ደረሰች እንጂ አልቀረችም። ቁጭ ብዬ ብጠብቃት ግን እስከ ዛሬም አትመጣም ነበር።» አስቴር ራሷን ነቀነቀች፤ ዳንታ ደግሞ ጎረቤቱን አየ።

ረቡዕ

አስፋው አብሮኝ ተሳፈረ። «መቃብሯን ካየሁ ዘመን ሆነኝ» አለ፤ እኔም ና አልኩት። አስቴር ሙዝ ስላሸከመችን ለመቀመጫ ቦታ አጣን።

ኬላው ላይ ያው ዘብ፣ ያው መፋቂያ። ወርጄ ጠየቅኩት። ደብተሬን ከኪሱ አወጣ፤ ጠርዙ ታጥፏል።

«ተጣርቷል» አለ። ሰጠኝና ገና ደብተሩን ሳይለቅ፣ «ለመሆኑ ተፈጸመ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ትእዛዙ ነዋ።»

ወደ አውቶቡሱ ዞሬ አየሁ። አስፋው የእኔን ሻንጣ ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል። «በከፊል» አልኩት።

ዘቡ ቅር አለው። «በከፊል የሚባል አፈጻጸም የለም፣ ጓድ። ሄደህ ጨርሰው።»

ዓርብ

አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረን ደብረ ብርሃን ገባን። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ሄድን። የት እንደሆነች ያሳየኝ አስፋው ነው፤ ከተፈታሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ስለመጣሁ አረሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። አብረን ነቀልነው።

ከዚያ እቤት ሄድን። ጥሩነሽ በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ ከኋላዬ የቆመውን አየች። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛ የኖረችው ነገር ነበር፤ ዓይኗ ሞላ፤ ግን እንደ እናቷ ናትና አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ ከመንገዱ ዞር አለችልን።

«እንጨቱ ጓሮ ነው» አለች። «መጥረቢያው ግን አንድ ነው፤ ተራ ትገባላችሁ።»

ኮቴን አውልቄ ለአስፋው አስያዝኩትና መጥረቢያውን ከበሩ ኋላ አነሣሁ።